ስለ ዳማ ጥቂት ቃል

ባለፈው ወር የዚህች መጽሔት አዘጋጆች በቡና ቤቷ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የደረሳቸውን ጽሑፍ ሲያገላብጡ፣ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ስለ አገር ናፍቆት የተጻፈ ግጥም ሆኖ አገኙት። ናፍቆቱን የሚነቅፍ የለም፤ እኔም በጊዜዬ ሦስት ያህል ጽፌአለሁ። ሆኖም ከመካከላቸው አንዱ፣ «እስቲ እዚሁ ከእኛ ጋር ስለሚኖር ነገር የሚጽፍ ሰው ይገኝ» አለና ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «አንተ ለምን ስለ ውሻህ አትጽፍም?» ሲል ጠየቀኝ። ለቀልድ ነበር። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ዳማ እንደ ልማዷ በሬ ላይ ተጋድማ ስትተነፍስ ስሰማ፣ ለምን አልጽፍም አልኩ። ወረቀቱን የሰጡኝ እነሱ ስለሆኑ ቢበዛባቸው ራሳቸውን ይውቀሱ።

በእኛ ዘንድ ውሻ ስድብ ነው። ደሙ ለከንቱ ፈስሶ የቀረ ሰው ደመ ከልብ ሆነ ይባላል። እኔ ባደግሁበት በጎጃም ገጠር አባቴ ሁለት ውሾች ነበሩት፤ ሌሊት ጅብ ከበጎቹ እንዲከላከሉ ነበር የሚያዙት። ማንም ደባብሷቸው አያውቅም። ፍርፋሪው ከተረፈ ይጣልላቸዋል፣ ካልተረፈ እንደ ምንም ያድራሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ቺዋዋ ውሻ እንደነበራቸውና ከእግራቸው ሥር እንደማይጠፋ የሰማሁት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም «የቤተ መንግሥት ነገር» ብዬ አለፍኩት። እንግዲህ እኔ ራሴ በአርባ ዓመቴ፣ በሰው አገር፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከውሻ ጋር እኖራለሁ ብዬ የምገምት ሰው አልነበርኩም።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጎረቤቴ የነበረ ወጣት ወደ አውስትራሊያ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ሻንጣውን በሚዛን ሲያስለካ፣ ድስቱን ለአንዱ፣ ፍራሹን ለሌላው ሲያድል ቆይቶ፣ በመጨረሻ የዘይት ካርቶን ተሸክሞ ወደ እኔ መጣ። በውስጡ ገና ሁለት ወር ያልሞላት ቡችላ ነበረች። «ወንድሜ፣ ይቺን ላንተ» አለኝ። እኔ ደግሞ ለሚሄድ ሰው እምቢ ማለት አይሆንልኝም። በዚህ ካምፕ ውስጥ ብዙ ሰው የሌላውን ነገር የወረሰው በዚሁ መንገድ ነው። መልኳ ቀይ ቡናማ፣ አፏና ጆሮዎቿ ዙሪያ ጥቁር ስለነበረች፣ በአገር ቤት ፈረስ በመልኩ እንደሚጠራው ሁሉ ዳማ አልኳት።

ዳማ ክልስ ናት። እናቷን ሁላችንም እናውቃት ነበር፤ በታራች ወንዝ ዳር ከቱርካና ከሰል ሻጮች ኋላ የምትከተል፣ ቀጭን፣ ፀጉረ አጭር፣ ጅራቷ ወደ ላይ የተጠቀለለ የአካባቢው ውሻ ነበረች። አባቷን ያየ የለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ጥበቃዎች የሚያሠማሩት ጀርመን ሼፐርድ ነው ይባላል። እኔም በመጀመሪያ ወሬ ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ስታድግ ጀርባዋ ረዘመ፣ ፀጉሯ ከሥሩ ሌላ ለስላሳ ፀጉር አበቀለ፣ አንዱ ጆሮዋ እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሌላው ግን ከግማሹ ታጥፎ ቀረ። ያ የታጠፈው ጆሮ እስከ ዛሬ ድረስ የልጆች መሳቂያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሣ። የመንደር ውሻ ስንል የብዙ ዓይነት ዘር ዝቃጭ፣ የተደባለቀ ርካሽ ነገር አድርገን እናስባለን። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ዘር ለብቻው ተለይቶ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን አንድ የእረኛ ውሻ ገዝቶ፣ ሆራንድ ብሎ ስም አውጥቶለት፣ ከዚያ ጀምሮ በመዝገብ እየተያዘ ተራባ። ዛሬ በዓለም ላይ ስም ያላቸው አብዛኞቹ የውሻ ዘሮችም በመዝገብ ከተያዙ ሁለት መቶ ዓመት አልሞላቸውም። የቱርካናዋ ውሻ፣ የአባቴም ውሾች፣ ማንም መርጦ ያላዳቀላቸው፣ በራብና በሙቀት፣ በጅብና በበሽታ የተመረጡ፣ ከዚያ እጅግ የቆየ ትውልድ ናቸው። ስለሆነም ከሁለቱ ወላጆቿ የጥንት ዘር የትኛዋ ናት ቢባል እናቲቱ ናት።

ክልስ ውሻ ከሁለቱም ወገን ደጉን ብቻ ይወስዳል የሚሉም አሉ። ይህም በከፊል ብቻ እውነት ነው። እርግጥ ነው፣ በቅርብ ዘመድ መካከል እየተራባ የመጣ ዘር የሚወርሳቸው ሕመሞች በክልሱ ላይ ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ፤ የጀርመን ሼፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ለምሳሌ የታወቀ ነው፤ ዳማን እስካሁን አልነካትም። ግን ማን ምን እንደሚወርስ ዕጣ ነው። ዳማ ከእናቷ ትንሽ በልቶ መኖርን ወረሰች፤ ከአባቷ ደግሞ ለዚህ አገር የማይሆን ካፖርት። ከእናቷ በሩቅ ሆኖ መጠንቀቅን፤ ከአባቷ አንድን ሰው መርጦ እሱን ብቻ መከተልን። ወደ ውሃ ቧንቧው ስሄድ ትከተለኛለች፤ ወደ ራሽን ሰልፍ ስሄድ ትከተለኛለች፤ መጸዳጃ ቤት ስገባ እንኳ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ይህን የሚያዩ ሰዎች ይስቁብኛል። ቋንቋዋ ደግሞ ሦስት ነው፤ በአማርኛ «ነይ»፣ በስዋሂሊ «ኩጃ» ሲሏት ትመጣለች፤ የቱርካና እረኞች በፉጨት የሚሏትንም አሳምራ ታውቃለች። እኔ ያን ፉጨት እስካሁን አልቻልኩትም።

ሙቀቱን በሚመለከት አንድ ጥፋት ፈጽሜአለሁ። በሦስተኛው ዓመቷ፣ ጥላው ሥር እንኳ ቆርቆሮው በሚያቃጥልበት በየካቲት ወር፣ ምላሷን አውጥታ ስታለከልክ አይቼ አዘንኩላትና መቀስ ተውሼ ፀጉሯን ሙልጭ አድርጌ ቆረጥኩት። ለራሴ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጀርባዋ ላይ ቆዳዋ ቀላ፣ ተላጠም። ለካስ ያ ድርብ ፀጉር ብርድን ብቻ ሳይሆን ፀሐይንም የሚከላከል ኖሯል። ውሻ እንደ እኛ በመላ አካሉ አያልበውም፤ የሚያልበው በእግሩ መዳፍ ሥር ጥቂት ብቻ ነው፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለከለክ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው መቀስ አይደለም፤ ጥላ፣ የሚጠጣ ውሃና የሚተኛበት ቀዝቃዛ አፈር ነው። የሞተው ፀጉር በማበጠሪያ ይወጣል፤ እኔ የምጠቀመው ጥርሱ የሳሳ የእንጨት ሚዶ ነው። ከዚያ በኋላ ራሷ መፍትሔ አገኘች፤ ከውሃ ጀሪካኖቼ አጠገብ፣ የሚንጠባጠበው አፈሩን በሚያረጥብበት ቦታ፣ ልክ በቁመቷ ጉድጓድ ቆፈረች። እኔ ሦስት ጊዜ ደፈንኩት፤ አራት ጊዜ ቆፈረችው፤ ተውኩት።

ከሙቀቱ ቀጥሎ ጠላቷ እሾህ ነው። ኬንያውያን ማቴንጌ የሚሉት የፕሮሶፒስ ዛፍ አጥራችንም፣ ማገዷችንም፣ ጥላችንም ነው፤ እሾሁ ግን ጫማ ይበሳል። በየማታው መዳፎቿን በባትሪ መብራት እያየሁ እነቅላለሁ። መዥገርንም በዚያው እፈልጋለሁ፤ በጆሮ ውስጥ፣ በጣቶች መካከል፣ በብብት ሥር። መዥገር በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው እንጂ፣ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ወይም በክብሪት ማቃጠል ደግ አይደለም። ለእከክ ደግሞ የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አይቻለሁ። ውሻው ሲልሰው ይመርዘዋል፤ ቆዳውንም ያነደዋል። እባካችሁ ይህን ተዉ።

አሁን ወደ ምግቡ እመጣለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደኝም ይህ ነው።

ብዙዎቻችን የወጥ ትራፊ ለውሻ መስጠት ጽድቅ ይመስለናል። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አንድ ሰሞን ከምግብ ቤት የተረፈ ወጥ በላስቲክ እያመጣሁ ዳማን አበላኋት። በሳምንቱ ዳማ ደከመች፤ ድዷ ነጣ፤ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቆረ። በከብት ገበያው አጠገብ የሚሠራ አንድ ቱርካና የእንስሳት ጤና ረዳት አለ፤ ወደ እሱ ወሰድኳት። ምን እንደምትበላ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «በወጡ ውስጥ ምን አለ?» አለኝ። ዘረዘርኩለት። «ሽንኩርቱ ምን ያህል ነው?» አለ። እንግዲህ የእኛ ወጥ መሠረቱ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ቢሆን፣ ጥሬም ይሁን የተቁላላ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። አንድ ቀን ትንሽ ቢቀምስ ላይሞት ይችላል፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ደሙ ያልቃል። ወጡን ከለከልኳትና በሁለት ሳምንት ተነሣች። ከዚያ ወዲህ የምሰጣት ገንፎ ነው፤ የበቆሎ ዱቄት ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው፣ ከተቀቀለ ባቄላ ጋር፤ ሲገኝ ደግሞ ከሐይቁ የሚመጣ የደረቀ ዓሣ ጭንቅላት ተፈጭቶበት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አልሰጣትም፤ እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋልና።

ራሽኑ ሲቀነስ ግን ሌላ ነገር መጣ። የቀነሰበትን ዘመንና መጠን ለእናንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። በዚያ ሰሞን ሁላችንም እማማ የምንላቸው ጎረቤቴ፣ ቡና ሲያፈሉ በሰው ፊት፣ «ልጄ፣ የሰው ልጅ ጦሙን እያደረ ዱቄት ለውሻ ይሰጣል?» አሉኝ። በክፋት አልነበረም የተናገሩት፤ ሰባት ዓመት የሆናትን የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ዝም አልኩ። አሁንም ቢሆን ለዚያ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው፤ ለእርሷ ከሚሆነው ላይ ቀንሼ የራሴን ድርሻ አካፈልኳት እንጂ ከማንም አልጠየቅሁም፤ እርሷም በምሽት ወደ ቆሻሻ መጣያው መውጣት ጀመረች። አጥንቷ ይቆጠር ነበር። የእናቷ ውርስ ያን ጊዜ ጠቀማት።

ቆሻሻ መጣያ ስል ግን ሁላችሁንም የሚመለከት ነገር ትዝ አለኝ፤ ስለዚህ ከመስመር ወጥቼ ልናገር። በፍየል ማረጃው ቦታ ልጆች ሳንባና ጉበት ለውሾች ሲወረውሩ ታያላችሁ። አንዳንዱ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይኖራል፤ የፍሬ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ። ያ የትል ከረጢት ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ከአንድ ሳንቲሜትር በታች የሆኑ ጥቃቅን ትሎች ይሆናሉ፤ እንቁላላቸው ከኩሱ ጋር ይወጣል፤ በፀጉሩም ላይ ይጣበቃል። ውሻውን ያን ያህል አያሳምመውም። ፍየል ከሣር ጋር፣ ሰው ደግሞ ባልታጠበ እጅ ሲውጠው ግን በጉበት ወይም በሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ያድጋል፤ ዓመታት ፈጅቶ ነው ሆድ የሚነፋው። ሐኪሞች ሃይዳቲድ ይሉታል። ይህ የምንኖርበት የቱርካና ምድር በዚህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቁት አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አምሬፍ የተባለው ድርጅት ከኬንያ ጤና ጥበቃ ጋር ሆኖ በሎኪቾጊዮ በኩል ሰዎችን በቀዶ ጥገና ሲያክም፣ ለውሾችም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በየስድስት ሳምንቱ ሲሰጥ ኖሯል። እንግዲህ ለእኛ የሚቀረን ቀላል ነው። ከረጢት ያለበትን ሥጋ መቅበር ወይም ማቃጠል፤ ለውሻ የሚሰጥ ሆድ ዕቃ ካለ በደንብ ማንተክተክ፤ ውሻ ከደባበሱ በኋላ፣ ይልቁንም ልጆች፣ እጅ መታጠብ። እኔ ዳማን እወዳታለሁ፤ ፊቴን ስትልስ ግን አልፈቅድላትም።

ቡችላም ወልዳለች፤ አንድ ጊዜ፣ ስድስት። ከተጠቃች በሁለት ወር ገደማ ነበር። ሁለቱ ሞቱ፤ አራቱን ለሰው ሰጠሁ፤ ከእነዚያም አንዱ ብቻ አሁን በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ሙቀቷ ሲመጣ ሦስት ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ እዘጋባታለሁ። የዚያን ሰሞን ከአጥሬ ውጭ የሚሰለፉት ወንዶች ውሾች ብዛት የራሽኑን ሰልፍ ያስንቃል።

አሁን ደግሞ መጻፍ የፈራሁትን ልጻፍ።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ የጥቅምት ምሽት፣ ገና ጨለማው ሳይጠነክር፣ ከወንዙ በኩል አንድ የማናውቀው ውሻ መጣ። አይጮህም። መንጋጋው ወርዶ ለሃጩ ይንጠባጠባል፤ የኋላ እግሮቹ ይወላገዳሉ። የእማማ የልጅ ልጅ በደጃፉ ላይ ዕቃ ታጥብ ነበር። ውሻው ምንም ሳትነካው ክንዷ ላይ ነከሳት። ዳማ ከእኔ በር ተነሥታ ዘላ ያዘችው። ሁለቱ ሲናከሱ ጎረምሶቹ በዱላ ደርሰው ያን ውሻ ገደሉት። ሁሉም ነገር እኔ ይህን ከምጽፍበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አለቀ። ልጅቷ ክንድ ላይ አራት የጥርስ ቀዳዳ ነበር። የዳማም አንገት ደም ነበረው።

ሻምበል የምንላቸው አዛውንት፣ አንድ የሥር መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለና ወደ እሱ ትሂድ አሉ። ሌላው በርበሬ ይነስነስበት አለ። እኔ ቀደም ሲል ዳማን ለማስከተብ ስሰለፍ ያ የእንስሳት ጤና ረዳት የነገረኝን አስታወስኩ፤ ከሁሉ በፊት ሳሙናና ውሃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ለሚያጥብ ሰው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ፣ ቧንቧውም በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። እማማ ያላቸውን ሁለት ጀሪካን አፈሰሱ፤ እኔም የእኔን ጨመርኩ። ልጅቷ ትጮሃለች፤ እማማ እያለቀሱ ያጥባሉ፤ እኔ በሰዓቴ እቆጥራለሁ። ከዚያም በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ መርፌውም ተጀመረላት፤ በወሩ ውስጥ በተቀጠሩት ቀኖች ሁሉ ሳታጓድል ወሰደች።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ግን ይከለከላል፤ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በውሻ የተነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከከተበ ጀምሮ ይህ የታወቀ ነው። እንዲያም ሆኖ በዓለም ላይ በየዓመቱ ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው። በሽታው ከተነከሱ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል፤ አንዳንዴም ከዚያ በጣም ያነሰ ወይም የበዛ። ቁስሉ ስለዳነ ነገሩ አለፈ ማለት አይደለም። ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው።

በማግስቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ውሾች ሁሉ በመርዝ ይገደሉ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ብዙ እጅም ተነሣ። ዳማ ደግሞ የተነከሰች ስለሆነች በመጀመሪያ እርሷ ናት። እኔ ንግግር አልችልም። ከሣጥኔ ውስጥ የክትባት ካርዷን አውጥቼ ለሁሉም አሳየሁ፤ ከሰባት ወር በፊት ሐኪሞቹ ሲመጡ በገመድ አስሬ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ያስከተብኳት ነው። ሻምበል ካርዱን ወደ ፀሐይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። የእንስሳት ጤና ረዳቱም ተጠርቶ መጣና እንዲህ አለ፤ ከአንድ ሰፈር ውሾች ከመቶው ሰባው ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል፤ ሁሉን ብትገድሉ ግን የተከተቡትንም ትገድላላችሁ፤ ባዶውን ቦታ ያልተከተቡት ከወንዙ ማዶ መጥተው ይሞሉታል። ስለ ዳማም፣ ወዲያው ደግማ ትከተብ፣ አርባ አምስት ቀን ታስራ ትጠበቅ አለ። ያልተከተበች ብትሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር፤ እሱም ይህን አልሸሸገም፤ እኔም በልቤ አውቀዋለሁ።

እማማ በስብሰባው ላይ አንድም ቃል አልተናገሩም።

አርባ አምስት ቀን በሰንሰለት ታሰረች። እኔ ምግቧን በረጅም እንጨት እየገፋሁ ሰጠኋት፤ እጄን አላቀረብኩላትም። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ስትፈልገኝ በሩቅ ቆሜ ማየት። በየጠዋቱ አፏን አያለሁ፤ መንጋጋዋ ወርዷል ወይ? ድምፅዋ ተለውጧል ወይ? ትንገዳገዳለች ወይ? የማታውቀኝ መስላ ታያለች ወይ?

በሦስተኛው ጠዋት ስወጣ እማማን አጥሩ ጋ አገኘኋቸው። በቆርቆሮ ጣሳ ውሃ ይዘው ቆመዋል። «ትጠጣ እንደሆነ ልይ» አሉኝ። የታመመ ውሻ ውሃ ይፈራል የሚባለውን ሰምተው ነው። ውሃ መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ ውሻ ግን ታሞም ቢሆን ሊጠጣ ይችላልና በዚህ መተማመን አይቻልም። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጣሳውን ተቀብዬ በእንጨቱ ገፋሁላት። ዳማ እስከ መጨረሻው ጠጣች። እማማ አይተው ዝም ብለው ተመለሱ። በማግስቱም መጡ። አርባ አምስቱ ቀን እስኪያልቅ ድረስ፣ ውሃ በማይመጣበትም ቀን፣ ጣሳውን ይዘው መጡ። ዱቄት ለውሻ ስለ መስጠት ከዚያ ወዲህ አንሥተውብኝ አያውቁም፤ ይገባል ብለውም አያውቁም።

ልጅቷ ዳነች። አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ሆኖ በአራት ነጥብ ጠባሳዋ ለጓደኞቿ ትኮራለች። ዳማም ዳነች።

እኔም የማልደብቃችሁ፣ ሻንጣዬን ወደ ማስለካቱ የተቃረብኩበት ጊዜ ነበር። የሕክምና ምርመራው አልቆ ቀን ስጠብቅ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የስደተኞችን ቅበላ አቆመች፤ የእኔም ፋይል ከብዙዎቻችሁ ፋይል ጋር ባለበት ቆመ። በዚያን ሰሞን ዳማን ለማን እንደምሰጥ ተነጋግረን ነበር፤ ልጅቷ ከእኔ ሳትጠይቅ ራሷ ወስናለች። አሁንም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገመዱን ይዛ ታወጣታለች፤ እኔ ልሂድም አልሂድም ውሻዋ የእርሷ እንደሆነች ነው የምትቆጥረው። ዳማ ዘጠኝ ዓመት እየሞላት ነው። አፏ ዙሪያ የነበረው ጥቁር ሸብቷል፤ ከመሬት ስትነሣ የፊት እግሮቿን ዘርግታ ትንሽ ትቆያለች፤ ከታጠፈው ጆሮዋ በኩል ሲጠሯት ቶሎ አትሰማም። ገንፎውን አቅጥኜ አቀርብላታለሁ፤ ከኋላ ጥርሶቿ ሁለቱ ወልቀዋል።

ክትባቱ በቅርቡ እንደሚመጣ በሰፈራችን ተነግሯል። ውሻ ያላችሁ ሁሉ፣ ሦስት ወር የሞላው ቡችላም ቢሆን፣ ይዛችሁ ውጡ፤ ካርዱንም እንደ ራሳችሁ ወረቀት አስቀምጡት። የዳማ ገመድ ባለፈው ሳምንት ስለተበጠሰች፣ ትርፍ ገመድ ወይም የአህያ መጫኛ ቁራጭ ያለው ሰው ለአንድ ቀን ቢያውሰኝ ለመጽሔቷ አዘጋጆች ይንገርልኝ። በዚያው ቀን ማታ እመልሳለሁ።